«ቦታ የለም»
የመዝናኛ ሆቴል መኪና ማቆሚያ እና የወረፋ ሒሳብ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ ከተማ፣ ከሐይቆቹ በአንዱ አፋፍ ላይ ከተሠራ የመዝናኛ ሆቴል በር ደርሰናል። ከፊታችን የተሰለፉት መኪኖች አንድ በአንድ ገቡ። የጥበቃ ሠራተኛው እኛንም በእጁ ምልክት አሳለፈንና ወዲያው ሰንሰለቱን ሳበ። ከኋላችን ለነበረው ነጭ መኪና ሁለት እጆቹን አነባብሮ አሳየው፤ ሞልቷል ማለቱ ነው።

መኪናችንን አቁመን ስንመለስ ክርክሩ ገና አላለቀም ነበር። የነጩ መኪና አሽከርካሪ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ነበሩ። «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ክፍል ይዘናል፤ ገንዘቡንም ከፍለናል» ይላሉ። «ጌታዬ፣ ክፍሉስ አለ፤ የሌለው የመኪና ቦታ ነው» ይላል ጥበቃው። ድምፁ የቁጣ ሳይሆን የድካም ነበር፤ ይህንኑ ቃል ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደደጋገመው እርሱ ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ሰውዬው መኪናቸውን ከዋናው መንገድ ዳር ትተው፣ ሻንጣ ተሸክመውና ልጆቻቸውን አስከትለው በእግራቸው ገቡ። ለምሳ ብቻ የመጣነው እኛ የመጨረሻዋን ቦታ ይዘናል፤ ሊያድሩ የመጡት ግን ውጭ ቀርተዋል።

ምሳችንን ስንበላ ያወራነው ስለዚሁ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጥፋቱን በጥበቃው ላይ፣ ሌላው ቦታ ባላሰፋው ባለሀብት ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሁሉም ሰው ቅዳሜ ካልሄድኩ ስለሚል ነው» በማለት በሕዝቡ ላይ ጣለው። ነገሩን እያብሰለሰልነው ስንሄድ ግን ጥያቄው የጠባይ ወይም የስስት ጥያቄ ሳይሆን የሒሳብ ጥያቄ መሆኑ እየታየን መጣ። ይህ ሒሳብ ከመቶ ዓመት በፊት ለስልክ መስመር ተብሎ የተፈለሰፈ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ሒሳብ ይዘን ወደዚያ በር ለመመለስ እንሞክራለን።

የሚያጨናንቀው የመጣው ነው ወይስ ያልሄደው?

አንድ የመኪና ማቆሚያ የሚሞላው ብዙ መኪና ስለመጣ ነው ብለን እናስባለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ማረጋገጫ ቀሪውን ግማሽ እንዲህ አስቀምጦታል፦ በአንድ ሥፍራ ውስጥ በአማካይ የሚገኙት ነገሮች ብዛት፣ በሰዓት የሚገቡት ብዛት እያንዳንዱ ውስጥ በሚቆይበት አማካይ ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። ቀመሩ ከአንድ ማባዛት አያልፍም፤ ከባንክ ሰልፍ እስከ ሆስፒታል አልጋ ድረስ ግን ያለ ልዩነት ይሠራል።

ወደ ሆቴላችን እናምጣው። በሰዓት 30 መኪኖች ቢመጡና እያንዳንዱ 3 ሰዓት ቢቆይ፣ በማቆሚያው ውስጥ በአማካይ 90 መኪኖች ይኖራሉ። አሁን ከሰዓት በኋላ ጥሩ ሙዚቃ ተጀመረና ሰው አንድ ሰዓት ጨምሮ ተቀመጠ እንበል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድም ተጨማሪ መኪና የለም፤ በሰዓት የሚመጣው አሁንም 30 ነው። በማቆሚያው ውስጥ የሚፈለገው ቦታ ግን 30 በ4 ሲባዛ 120 ይሆናል። 100 ቦታ ያለው ሆቴል ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ በአንድ ዘፋኝ ምክንያት ጠባብ ሆነ ማለት ነው። ከበሩ ውጭ ያለውን ሰልፍ ያስረዘመው ያልወጣው እንግዳ ነው፤ ጥበቃው ግን የሚያየው የሚመጣውን ብቻ ነው።

በዚህ መለኪያ አዳሪ እንግዳና የቀን ተስተናጋጅ እጅግ የተለያዩ ናቸው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገብቶ በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚወጣ አዳሪ ቦታውን ለ18 ሰዓት ይይዛል፤ ይህም 3 ሰዓት የሚቆዩ ስድስት የምሳ ተስተናጋጆች የሚጠቀሙበትን ያህል ነው። ነገር ግን አዳሪው በአብዛኛው ማታና ሌሊት፣ ማለትም ቦታውን ሌላ ሰው በማይፈልግበት ሰዓት ነው የሚቆየው። ችግሩ የሚፈጠረው ሁለቱ ወገኖች በሚገናኙባት አጭር ጊዜ ነው።

ይህቺ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለችው ናት። ትናንት ያደሩት እንግዶች እኩለ ቀን ገደማ የክፍላቸውን ቁልፍ ይመልሳሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ወዲያው አይሄዱም። ምሳ ይበላሉ፤ ልጆቹ «አንዴ ብቻ» ብለው እንደገና ወደ መዋኛው ይገባሉ። በዚሁ ሰዓት ዛሬ የሚያድሩት መምጣት ይጀምራሉ። ስለዚህ አንድ ክፍል ለሁለት ለሦስት ሰዓት ያህል ሁለት መኪና ይኖረዋል። በዚህ ላይ የቀን ተስተናጋጁ ይጨመርበታል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ቢሾፍቱ ለምሳ ተሂዶ የሚመለሱባት ከተማ ሆናለችና፣ ሦስቱም በአንድ በር፣ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። የሆቴሉ ባለቤት «ለ60 ክፍል 60 የመኪና ቦታ አለኝ» ብሎ ቢኮራ ይህንን ሰዓት አላየውም ማለት ነው።

ከኮፐንሃገን የመጣ መልስ

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1878 የተወለደ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ የቀረበለት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ደዋዮች መቼ እንደሚደውሉ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያወሩ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ታዲያ ስንት መስመር ብንዘረጋ ነው «መስመሩ ተይዟል» የሚባለው ሰው ቁጥር የሚቀንሰው? እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያውን ጥናቱን፣ በ1917 ደግሞ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀመር አሳተመ። መስመሩን የመኪና ቦታ፣ ጥሪውን መኪና፣ ንግግሩን የቆይታ ጊዜ ብለን ብንተካው ቀመሩ ሳይለወጥ ከሆቴላችን በር ይደርሳል።

ኤርላንግ ያሳየው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ያስገርማል። 100 ቦታ አለን፤ የሚፈለገውም ቦታ በአማካይ ልክ 100 ነው እንበል። አንባቢ «ከሆነማ ተመጣጠነ» ሊል ይችላል። በቀመሩ መሠረት ግን ከሚመጡት 100 መኪኖች 8 ያህሉ ሞልቶ ያገኙታል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከቦታዎቹ በአማካይ 8 ያህሉ ባዶ ናቸው። ባዶው ቦታና የተመለሰው መኪና በጊዜ ተላለፉ እንጂ ሁለቱም አሉ። ምክንያቱም መኪኖች በሥርዓት በየሁለት ደቂቃው አይመጡም፤ አምስቱ በአንድ ጊዜ ይመጡና ከዚያ ለሩብ ሰዓት ማንም አይታይም። አማካዩ ይህንን መውጣትና መውረድ ይደብቀዋል። የተማሪዎች ምግብ ቤት ሰልፍ አይቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል።

የቀመሩ ሌላው ጠባይ ለሆቴል ሥራ አስኪያጅ እፎይታ ነው። አንዱ ለሩብ ሰዓት፣ ሌላው ሙሉ ቀን ቢቆይም ለስሌቱ የሚያስፈልገው አማካይ ቆይታው ብቻ ነው፤ ቆይታው በእንግዶች መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ ማወቅ አያስፈልግም። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚመዘገብበት አንድ ደብተርና የሁለት ሳምንት ትዕግሥት በቂ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ለአዳሪ እንግዳ ቦታ ማስቀረት ካስፈለገ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ ገመድ መዘርጋት ነው፤ «ይህ ወገን ለአዳሪ፣ ያ ወገን ለቀን ተስተናጋጅ፣ ያኛው ለስብሰባ» ብሎ መከፋፈል። በብዙ ሆቴሎች የምናየውም ይህንኑ ነው። ሒሳቡ ግን ይህን አይወደውም። 100 ቦታ ባለው አንድ ማቆሚያ በአማካይ 90 ቦታ ቢፈለግ፣ ከመቶ መኪኖች ሞልቶ የሚያገኙት 3 ያህሉ ናቸው። ይህንኑ ማቆሚያ በገመድ አሥር ቦታ ብንከፋፍለውና እያንዳንዱ ክፋይ 10 ቦታ ኖሮት በአማካይ 9 ቢፈለግበት፣ ከመቶ 17 ያህሉ ይመለሳሉ። መሬቱም መኪናውም አልተለወጠም፤ የተጨመረው ገመዱ ብቻ ነው። በአንዱ ክፋይ ሰው ሲመለስ በጎረቤቱ ክፋይ ቦታ ባዶውን ይውላል።

ታዲያ ሳንከፋፍል አዳሪውን እንዴት እናስቀድም? የስልክ መሐንዲሶች ለዚህም መልስ ነበራቸው። የተለየ መስመር አይመድቡም፤ ይልቁንም ነጻ የቀሩት መስመሮች ከተወሰነ ቁጥር ሲያንሱ ቅድሚያ የሌላቸውን ጥሪዎች መቀበል ያቆማሉ። በእኛ ቋንቋ ደንቡ እንዲህ ይሆናል፦ ቦታ እስካለ ድረስ ማንም የፈለገበት ያቁም፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቦታዎች ላይ ሲደረስ ግን አዳሪ ብቻ ይግባ። የትኞቹ ቦታዎች እንደሆኑ አይታወቅም፤ ምልክትም የላቸውም። የሚጠበቀው ቁጥሩ ነው።

«ጥቂት» ማለት ስንት ነው? እኛ ስሌቱን ሠርተነዋል። 100 ቦታ አለ፤ በአማካይም 100 ይፈለጋል፤ ከሚመጡት አሥር መኪኖች አንዱ የአዳሪ ነው፤ ስሌቱን ለማቅለል ሁሉም እኩል ይቆያሉ ብለናል። ምንም ካልተጠበቀ አዳሪውም የቀን ተስተናጋጁም እኩል፣ ከመቶ 8 ያህሉ ይመለሳሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች ብቻ ቢጠበቁ የሚመለሰው አዳሪ ከሺህ ከአንድ በታች ይሆናል። ዋጋውን የሚከፍለው የቀን ተስተናጋጅ ከመቶ 8 ያህል ይመለስ የነበረው ወደ 10 ያህል ይደርሳል። ከመቶ ሁለት ቦታ ነው! ስሌቱን ስንጨርስ ተሳስተን ይሆናል ብለን ደግመን ሠራነው። በእውነተኛው ሆቴል አዳሪዎች ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቆዩና በተቀራራቢ ሰዓት ስለሚመጡ የሚጠበቀው ቁጥር ከሁለት ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ አራት ወይም ስድስት ሊሆን ይችላል። ብዙዎች እንደሚያደርጉት የማቆሚያውን ሲሶ በገመድ ከማጠር ጋር ግን አይነጻጸርም።

አጀብ ሲመጣ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ ነገር እንደ እውነት ወስዷል፦ እያንዳንዱ መኪና ከሌላው ጋር ሳይመካከር፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ኤርላንግም ስለ ደዋዮቹ ያሰበው ይህንኑ ነው። ኤርላንግ ግን የጥር ወርን ሠርግ አላየም።

የሐይቅ ዳር ሆቴሎች የሙሽሮች ፎቶግራፍ መነሻ ከሆኑ ቆይተዋል። የሠርግ አጀብ ሲመጣ አሥራ አምስት፣ ሃያ መኪና ጥሩንባውን እያሰማ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሩ ላይ ይደርሳል፤ በአንድ ሰዓት ይገባል፣ በአንድ ሰዓት ይወጣል። በአማካይ ስሌት ውስጥ ሃያ መኪና ምንም ላይመስል ይችላል። የሃያዎቹ በአንድነት መምጣት ግን መውጣትና መውረዱን እጅግ ያባብሰዋል፤ ማቆሚያው ግማሽ ባዶ ከሆነበት ሁኔታ በአንድ ጊዜ ወደ መጨናነቅ ይደርሳል። በእነዚህ ዕለታት «የመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች» የሚለው ደንብ ብቻውን አይበቃም፤ አጀቡ ከመግባቱ በፊት ሁለቱ ቦታዎች መኖራቸውን ለመቁጠር እንኳ ጊዜ የለም።

መልካሙ ነገር ሠርግ ቀጠሮ ያለው መሆኑ ነው። ስለ ተራው መኪና የምናውቀው ይሆናልነቱን ብቻ ሲሆን ስለ ሠርጉ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመኪናውን ብዛት ጭምር ማወቅ ይቻላል፤ አዳራሹን ወይም የፎቶ ቦታውን የሚያከራየው ሠራተኛ «ስንት መኪና ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» ብሎ ከጠየቀ ማለት ነው። የሚጠየቀው ግን ብዙውን ጊዜ የሰሐኑ ቁጥር ነው። እንደ ኢሬቻ ባሉ በሆራ ሐይቅ ዳር እጅግ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዕለታት ደግሞ ጉዳዩ ከአንድ ሆቴል በር ወጥቶ የከተማው ጉዳይ ይሆናልና በዚህ ጽሑፍ አንገባበትም።

መሬቱ ራሱ

የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ለእይታ ያማሩት በዚሁ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ ያስቸገሩትም በዚሁ ነው። አፋፉ ላይ ያለው ደልዳላ መሬት ቀጭን ነው፤ ከዚያ በታች ገደል፣ ከዚያ በታች ውኃ። «ቦታውን አስፉት» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ያለውን መሬት በወጉ መጠቀም ግን ይቻላል።

ጠጠር በፈሰሰበት፣ መስመር ባልተሰመረበት ሜዳ ላይ ሰው እንዴት እንደሚያቆም አስተውሉ። አንዱ ከግራው አንድ ሜትር ተኩል ይተዋል፤ ቀጣዩ ደግሞ ሁለት። ክፍተቶቹ ተደምረው ለብዙ መኪና ይበቁ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ግን ለአንድም አይበቁም። ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ሬኒ ይህንኑ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1958 በሒሳብ መልሶታል። እኩል ስፋት ያላቸው መኪኖች በረዥም መስመር ላይ ያለ አንዳች ሥርዓት፣ በደረሱበት እየቆሙ ሌላ መኪና የሚያስገባ ክፍተት እስኪጠፋ ቢቀጥሉ፣ የሚሸፈነው የመስመሩ ክፍል በአማካይ ከመቶ 74.76 ብቻ ነው። በሩን ከፍቶ ለመውረድ የሚያስፈልገውን ጨምሮ ለአንድ መኪና 2.5 ሜትር ብንሰጥ፣ 50 ሜትር በሆነ ረድፍ ላይ በሥርዓት 20 መኪና ይቆማል፤ እንደ ደረሰ ከሆነ ግን 15 ያህል። አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም በየረድፉ አምስት ቦታ ይወልዳል ማለት ነው። በእርግጥ አሽከርካሪዎች እንደ ሬኒ መኪኖች ፍጹም ዘፈቀደኛ አይደሉም፤ የጥበቃው «ና! ና! ወደ ግራ ቁረጥ! በቃ!» የሚለው ጩኸትም የቀለሙን ሥራ በከፊል ይሠራል። ጥበቃው ግን ሃያ ረድፍ ላይ በአንድ ጊዜ መጮኽ አይችልም።

ሌላው ዘዴ ቁልፍ መቀበል ነው። በሁለት ትይዩ ረድፎች መካከል 6 ሜትር ያህል መተላለፊያ እንተዋለን፤ የመኪናው ርዝመት 5 ሜትር ቢሆን ለሁለቱ ረድፎች በጠቅላላው 16 ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ለአንድ መኪና 20 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። በየወገኑ ሁለት ሁለት መኪና ፊትና ኋላ ብናቆም ግን ለአንድ መኪና የሚደርሰው ወደ 16 ካሬ ሜትር ይወርዳል፤ 100 መኪና ይይዝ የነበረው መሬት ወደ 123 ይይዛል። በለውጡ የኋለኛውን ለማውጣት የፊተኛውን ማንሳት ግድ ይላል፤ ቁልፉ ከሠራተኛ እጅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ይህ አደራረግ እንደ መሶብ እንጀራ ነው፤ በመጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ማን ከኋላ፣ ማን ከፊት እንደሚቆም አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። አዳሪው ወደ ውስጥ፣ ለምሳ የመጣው ወደ ፊት ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሚነሳ መኪና ጥቂት ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ሠራተኞቹ ሲያነሱና ሲመልሱ ይመሻል። በዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ማቆሚያዎች የሚሠሩና የሠሩ በርካታ ወገኖቻችን አሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ የኖረበት ሰው ቁልፍ ሲቀበል በቅድሚያ የሚጠይቀው የመኪናውን ዓይነት ሳይሆን «መቼ ይወጣሉ?» ብሎ ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ስታክ የሚሉትን አሠራር በእጁ ያውቀዋል።

አንድ ቦታ ግን በምንም ዓይነት ስሌት ውስጥ መግባት የለበትም፤ እርሱም የእሳት አደጋና የአምቡላንስ መኪና መግቢያ ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የእሳት ደንብ ለዚህ ቢያንስ 6.1 ሜትር ስፋት ያለውና ምንም ያልቆመበት መንገድ እንዲኖር ያዝዛል። በተጨናነቀ ቅዳሜ ከበሩ እስከ ሕንጻው ያለው ባዶ መንገድ ለጥበቃው ታላቅ ፈተና ነው፤ «ለአንድ ሰዓት ብቻ» የሚለውን ልመና እምቢ ማለት ይከብዳል። ሐይቅ ዳር፣ መዋኛ ባለበት፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ሥፍራ ያ መንገድ መቼ እንደሚያስፈልግ ደግሞ ማንም ቀጠሮ አይሰጥም።

ማንን እናስከፍል?

ቦታ ሲጠብ ዋጋ ማስከፈል ሌላው መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተምሩ የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ነጻ ማቆሚያ በእውነቱ ነጻ እንዳልሆነና ወጪው በሌላ ነገር ውስጥ ተደብቆ እንደሚከፈል ተከራክረዋል። የመንገድ ዳር ማቆሚያ ዋጋ ከሰባት ቦታ አንዱ ያህል ሁልጊዜ ባዶ እንዲሆን ተደርጎ ይተመን የሚለው ሐሳባቸውም በብዙ ከተሞች ተሰሚነት አግኝቷል።

የሆቴሎች ልምድ ግን የተደበላለቀ ነው። በላስ ቬጋስ ዋና ጎዳና ያሉት ግዙፍ የመዝናኛ ሆቴሎች ለአሥርተ ዓመታት መኪና በነጻ ያስቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤምጂኤም ሪዞርትስ ማስከፈል ጀመረ፤ በዚያው ዓመት 20,000 ያህል ሰው የሚይዝ የስፖርትና የሙዚቃ አዳራሽ በሆቴሎቹ አጠገብ ተከፍቶ ስለነበር፣ ነጻው ማቆሚያ የአዳራሹ ተመልካቾች ማቆሚያ መሆኑ የሚጠበቅ ነበር። ፍሎሪዳ በሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆቴሎቹ የሚያድሩ እንግዶች በሌሊት ሒሳብ እንዲከፍሉ ሲደረግ፣ ለምግብ ብቻ ብቅ የሚለው የቀን ተስተናጋጅ በነጻ ያቆም ነበር። ኩባንያው በ2023 እ.ኤ.አ. ይህን ክፍያ አስቀርቶታል። ዋጋ የሚጣለው ሰው ውሳኔውን እንዲለውጥ ነው ከተባለ፣ ክፍል ይዞ ሻንጣውን ተሸክሞ የመጣ ሰው ምን ውሳኔ ይለውጣል? የት እንደሚበላና ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ ገና የሚመርጠው የቀን ተስተናጋጁ ነው። በእኛም አገር ማስከፈል ካስፈለገ ለቀን ተስተናጋጁ፣ ያውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ከምሳው ሒሳብ ቀንሶ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ማስከፈል ከሊትል ቀመር ጋር ይስማማል፤ የሚያሳጥረው ቆይታውን ነውና።

እንደገና በሩ ላይ

ወደዚያ ቅዳሜ እንመለስ። ጥበቃው በእጁ የነበረው ሰንሰለትና ዓይኑ ብቻ ነበር። ስንት አዳሪ እንግዳ ገና እንዳልደረሰ የሚያውቀው እንግዳ መቀበያው ነው፤ ስንት ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚያውቀው በሩ ነው። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ከእንግዳ መቀበያው በየሰዓቱ በስልክ የሚነገር አንድ ቁጥር «ዘጠኝ መኪና ይቀረናል»፣ በሩ ላይ ደግሞ በጠመኔ የሚጻፍበት አንድ ሰሌዳ። አዳሪዎቹ እየደረሱ ሲሄዱ የሚጠበቀው ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሁሉም ገብተው ከሆነ የተጠበቀው ቦታ ለራት ለሚመጣ ይለቀቃል።

ጥበቃው ሰሌዳው ኖሮት እኛን አስቁሞን ቢሆን ምን ያህል እንጠብቅ ነበር? ይህንንም አስልተነዋል። 100 መኪና ካለበት ማቆሚያ ግማሹ የአዳሪ ነው፤ እነርሱ አይነሱም እንበል። የቀሩት 50ዎቹ በአማካይ 3 ሰዓት ይቆያሉ። 3 ሰዓት 180 ደቂቃ ነው፤ ለ50 ሲካፈል በአማካይ በየ3 ደቂቃ ከ36 ሰከንዱ አንድ መኪና ይወጣል። አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ነጩ መኪና በአጠገባችን አልፎ ይገባል፤ ልጆቹ በመስኮት እያዩን ያልፋሉ፤ ከዚያ አንድ መኪና ይወጣና እኛም እንከተላለን። ምሳውን እንደሆነ ገና አላዘዝነውም ነበር።